ከኮፓው ሥር ያለው ታሪክ

ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ የናፍታ መኪና ጋራዥ ሲገባ ሜካኒኩ ለረዳቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ ታፖውን ፈትተህ ዘይቱን ገልብጥ፣ የኮፓውን ቡሎኖች አላላ፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ፍቀህ አንሣ፣ አጥበህ አድርቅ፣ ሲሊኮን ቀብተህ ግጠም። ይህ አማርኛ ነው፤ የሰማ ሁሉ አማርኛነቱን አይጠራጠርም። ቃላቱን ግን እንደ ሞተሩ አንድ በአንድ ፈትተን ጨርቅ ላይ ብንደረድራቸው በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። ታፖ፣ ኮፓ፣ ቡሎንና ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ኢጣሊያንኛ ናቸው፤ ሲሊኮን ዘግይቶ በእንግሊዝኛ በኩል የገባ ነው፤ ጋራዡ ራሱ ደግሞ ፈረንሳይኛ። መፍታት፣ መገልበጥ፣ ማላላት፣ መፋቅ፣ ማጠብ፣ መቀባት፣ መግጠም ግን አንዳቸውም ባሕር አልተሻገሩም። ሜካኒኮቻችን የሙያቸውን ታሪክ መጽሐፍ አድርገው አልጻፉም፤ ይህ አነጋገር ግን እንደ መዝገብ ሊነበብ ይችላል። ተነብቦም የሚናገረው፣ ዕቃው ከነስሙ ከውጭ እንደመጣ፣ ጥገናው ግን ቀድሞ በነበረ የእጅ ዕውቀት ላይ፣ በመኪና ሥር በተኙ ሰዎች እንደተሠራ ነው። በተለምዶ የምንሰማው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሙያውን ጣሊያን አመጣው፣ እኛ ተቀበልን ይባላል። በእኔ ግምት ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ የሚያሳየውም ኮፓው ነው።

ፈረንሳይኛው ቀደመ። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ምኒልክም ተቀምጠውበት አይተውታል። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የመኪና ቁጥር ቀስ በቀስ ጨመረ። እነዚያ መኪኖች የቤተ መንግሥት፣ የመሳፍንትና የውጭ ልዑካን ንብረት ነበሩ። የቤንዚን መኪና የነበረው ባለጸጋ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ የሚነዳለት ሰውና መኪናው የሚያድርበት ቤት። ስለዚህም ሾፌርና ጋራዥ የሚሉት ሁለት የፈረንሳይኛ ቃላት ገቡ፤ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ግን ፈረንሳይኛ እምብዛም አልቀረም። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ይገባዋል። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መምጣታቸው ግጥምጥሞሽ ነው፤ ዝምድናቸው የታየው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ብረት የሚቀጠቅጥና ቆዳ የሚፍቅ ሰው በተናቀበት አገር፣ ተቀጥቅጦና ተፍቆ ካልሆነ የማይነሣ ማሽን እየመጣ ነበርና።

ያ ማሽን የናፍታ ሞተር ነው። ሩዶልፍ ዲዝል በአውግስቡርግ በ1897 እ.ኤ.አ. ያሳካው ሞተር ከሰው ቁመት በላይ የቆመ፣ ለፋብሪካ እንጂ ለመንገድ የማይሆን ግዙፍ ነበር። በጭነት መኪና ላይ ለመጫን እስከ 1923 እና 1924 እ.ኤ.አ.፣ እስከ ቤንዝና «ማን» ኩባንያዎች ድረስ ጠበቀ፤ በ1927 እ.ኤ.አ. የቦሽ የነዳጅ ፓምፕ በብዛት መመረት ሲጀምር ነገሩ ተስፋፋ። ፊያት የመጀመሪያዎቹን የናፍታ ጭነት መኪኖች በ1931 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ 632ኤን እና 634ኤን ይባላሉ፤ «ኤን» የሚለው ፊደል ናፍታ ለማለት ነው። ዛሬ ማደያ ቆሞ «ናፍታ ሙላልኝ» የሚል ሰው ያንኑ ፊደል ዘርዝሮ እየጠራ ነው። 634ኤን ስድስት ሲሊንደርና ከ8 ሊትር የሚበልጥ ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱ ግን ከ80 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም፤ ይህን ያህል ዛሬ ትንሽ የቤት መኪና ይዞታል። ትልቅ፣ ዝግተኛ፣ ከባድ፣ በቀላሉ የማይሞት ሞተር ነው። አገሬው በቁጥሩ መጨረሻ «ትሬንታ ኳትሮ» አለው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ሲሻገር ከኋላው የተከተለው ስንቅና ጥይት በጭነት መኪና የሚመላለስ ነበር። የጦሩ አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፏል። ሰልፉ በጣርማ በር ተራራ ላይ፣ ኢትዮጵያውያን በሰበሩት መንገድ ተገቶ መኪኖቹ በሰው ጉልበትና በገመድ ጭምር እየተጎተቱ ነው ያለፉት። በኋላ እዚያው ተራራ ውስጥ ዋሻ ተፈልፍሎ መንገዱ አለፈ። ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ድሉም ዋሻውም አይደለም፤ የመንገዱ ጠባይ ነው። ከምጽዋ ጠረፍ ተነሥቶ በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ብርድ አልፎ እንደገና ቆላ የሚወርድ መኪና ሞተሩ በቀን ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ድንጋይ ኮፓውን ይመታዋል፤ ቡሎኑን መንቀጥቀጥ ያላላዋል። በኢጣሊያ ሜዳ ዓመት የሚቆይ ጓርኒሲዮን እዚህ ወር ላይቆይ ይችላል። ሞተሩ ከጋራዥ ርቆ፣ በመንገድ ዳር፣ ደጋግሞ መከፈት ነበረበት። የባለጸጋው ቤንዚን መኪና ቢበላሽ ባለሙያ እስኪመጣ ይቆማል፤ ጭኖ የቆመ የጭነት መኪና ግን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። አብዛኛው የሞተሩ ክፍል ስሙን በኢጣሊያንኛ ያገኘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሰው ስሙን የሚጠይቀው እጁን የሚያስገባበትን ነገር ነው።

እስቲ ሥራውን ራሱን እንየው። ኮፓ በኢጣሊያንኛ ጽዋ ማለት ነው፤ ከሞተሩ ሥር የተንጠለጠለ፣ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ሳህን። ከሱ በላይ ኮሎው ይሽከረከራል፤ ኢጣሊያኖች «የዝይ አንገት» የሚሉትን ጠማማ ብረት እኛ አንገቱን ብቻ ወስደን ዝይዋን ትተናታል። ኮፓ ሲያንጠባጥብ ጀማሪ የሚሠራው የመጀመሪያ ስሕተት ኮፓውን ማመን ነው። ዘይት ከላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን ወይም ከኮሎው የኋላ ጫፍ ወርዶ በሞተሩ ጎን ተንሸራቶ፣ የመንገዱ ነፋስ ወደኋላ እየገፋው ኮፓው ከንፈር ላይ ይጠራቀማል፤ የሚወድቀው ከታች ስለሆነ ጥፋተኛው የታችኛው ይመስላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ እዚህ ግን ሥሩ ከላይ ነው ያለው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከመፍታቱ በፊት ሞተሩን በናፍታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጥቂት አስነሥቶ፣ የመጀመሪያዋ ጠብታ ከየት እንደምትወጣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ስሕተት ማጥበቅ ነው። ቡሎኑ በጠበቀ ቁጥር ፍሳሹ የሚቆም ይመስላል፤ ግን ስስ የሆነው የኮፓ ከንፈር በየቀዳዳው ዙሪያ ይሰረጉዳል፣ በሁለት ቡሎን መካከል ያለው ደግሞ ይነሣል፤ ዘይቱም በዚያ ይወጣል። መፍትሔው ከንፈሩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝቶ የሰረጎደውን በመዶሻ በተቃራኒው መልሶ ማቅናት፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን እስከ ሥሩ መፋቅ፣ ሲገጥሙም ከመካከል ጀምሮ ወደ ጫፎቹ እያቀያየሩ በሁለትና በሦስት ዙር ማጥበቅ ነው።

ጓርኒሲዮን ሲጠፋ የሚደረገው የበለጠ ያስተምራል። ወፍራም ወረቀት ወይም ቡሽ ኮፓው ከንፈር ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያም ጠርዙን በመዶሻ ራስ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። የብረቱ ስለት ወረቀቱን ከሥር ይቆርጠዋል፤ የቡሎኑ ቀዳዳዎችም በዚሁ መንገድ ይወጣሉ። መለኪያ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ኮፓው ራሱ ልኩን ይሰጣል። ይህን ዘዴ የዓለም ሜካኒኮች ሁሉ ያውቁታል፤ የእኛ ብቻ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። የእኛ የሆነው እጁ ከየት እንደመጣ ነው። መፋቅ የቆዳ ፋቂ ግስ ነው። መቀጥቀጥ የቀጥቃጭ። ማጥበቅና ማላላት መጫኛ ይዞ በቅሎ የሚጭን ነጋዴ ቃል ነው፤ «ጭነት» የሚለው ስምም ከበቅሎዋ ጀርባ ወርዶ ነው መኪናው ላይ የወጣው። የኢጣሊያው ሜካኒክ «መፋቅ» ለሚለው ሐሳብ የራሱ ግስ ነበረው፤ ከጎኑ የቆመው ልጅ ግን ያንን ግስ አልወሰደውም፤ አላስፈለገውማ። የዕቃውን ስም ተበደረ እንጂ የሥራውን ስም አልተበደረም። መፍቻ የሚባለው መሣሪያ ከዚህ ሁሉ መካከል ቆሞ ይታያል፤ ዕቃው እንግዳ ቢሆንም ሥራው ስለታወቀ፣ ስሙ ከሥራው ተወለደ። በኢጣሊያንኛ ስሙ የቀረው ካቻቢቴ ግን ይህን ዕድል አላገኘም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ቋንቋዎች ሁሉ ስም በቀላሉ ይበደራሉ፣ ግስ ግን ያስቸግራቸዋል፤ የአማርኛ ግስ ደግሞ በፊደላት ሥር ላይ የሚረባ ስለሆነ ባዕድ ቃል ለመቀበል ከሌላውም ይከብደዋል፤ ስለዚህ ያየነው የሰዋስው ጠባይ እንጂ የሙያ ታሪክ አይደለም ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ግን እስከ መጨረሻ አይሄድም። አማርኛ ግስ መበደር ሲፈልግ «አደረገ» ወይም «አለ» እያስከተለ ይበደራል፤ የዛሬ የቢሮ ሠራተኛ «ቼክ አድርገው»፣ «ፕሪንት አድርገው» ሲል ሰዋስው አላገደውም። የጋራዡ አማርኛ በር ክፍት ሆኖለት ሳለ አለመግባቱ ነው ማስረጃው። መጽሐፍ ላይ የተማረ ሰው ግሱንም ከመጽሐፉ ይዞ ይመጣል፤ በእጁ የተማረ ግን ለእጁ ሥራ የራሱ ቃል ቀድሞ አለው።

ቃላቱ በጆሮ እንጂ በዓይን እንዳልገቡ ድምፃቸውም ይመሰክራል። «ካቻቢቴ» በኢጣሊያንኛ ጽሑፍ ላይ ያለውን የ«ቪ» ድምፅ ወደ «ቢ» ለውጦታል፤ «ጓርኒሲዮን» መጨረሻውን ጥሏል፤ «ኮሎ» እንዳየነው ግማሹን አንገቱን አስቀርቷል። «ፋሻ»ን ተመልከቱ፤ የፒስተን ቀለበት ነው፤ በኢጣሊያንኛ መጠቅለያ ማለት ስለሆነ ያው ቃል በሐኪም ቤትም ቁስል ማሰሪያ ሆኖ ገብቷል፤ አንድ ቃል በሁለት በር ገብቶ በአንዱ ብረት በሌላው ጨርቅ ሆነ። ከዚህም የጠነከረ ማስረጃ አለ፤ የደርግ ዘመን። ያኔ ዚልና ካማዝ የተባሉት የሶቭየት ጭነት መኪኖች በብዛት ገቡ፤ ብዙ ወጣቶችም ሶቭየት ኅብረት ሄደው ቴክኒክ ተምረው ተመለሱ። ትምህርት ቤት፣ መጽሐፍ፣ መምህርና ማሽን ሁሉ ሩስያኛ ነበር። ካማዙ ዘይት ሲያንጠባጥብ ግን የተፈታው ኮፓ ነው፤ የተቆረጠውም ጓርኒሲዮን። ሩስያኛ ወደ ጋራዡ ዘልቆ አልገባም ማለት ይቻላል። የሙያ ቃል በመማሪያ ክፍል የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ከኢጣሊያንኛው ይልቅ ሩስያኛው ብዙ ምክንያት ነበረው። በመኪና ሥር ያለው ቦታ ግን ቀድሞ ተይዞ ነበር።

እንግዲህ ሙያውን ጣሊያን አስተማረ ማለት ነው? ይህ ከሁሉ የሚያስቸግረው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ከጀርባው «ቢያንስ መንገድና ሜካኒክ ትተውልናል» የሚል አነጋገር ይከተላል። የወረራው አምስት ዓመት ግን የትምህርት ዘመን አልነበረም። ከዚያ በፊት በቅኝ ግዛት በቆየችው ኤርትራ እንኳ ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። አዲስ አበባ ላይ የተማሩ ወጣቶች በ1929 ዓ.ም. የካቲት እየተለቀሙ ተገደሉ። በጋራዥና በመንገድ ሥራ ላይ አገሬው የተቀጠረው በአብዛኛው ለጉልበትና ለረዳትነት ነው፤ ዕቃ ለማቀበል፣ ለማጠብ፣ ሥር ገብቶ ለመያዝ። ዕቃ ለማቀበል ስም ማወቅ ግድ ነው። «ካቻቢቴ!» ተብሎ ሲጮኽበት ካቻቢቴ ያላቀበለ ልጅ ሥራውን ያጣል። ቃሉ የገባው በትእዛዝ ነው፣ በትምህርት አይደለም፤ ለዚህ ነው ስሞች ብቻ የሆኑት። የሚያቀብለው ልጅ ምክንያቱን ማንም አላስረዳውም፤ ኮፓ ለምን እንደሚያፈስ ያወቀው አይቶ፣ ሰርቆ፣ ተሳስቶ ነው።

በዚህ ላይ የአስመራን ድርሻ መርሳት አይገባም። ኢጣሊያ ኤርትራን በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛት ብላ ስላወጀች፣ አስመራ ከአዲስ አበባ በፊት ብዙ ዓመት የሞተር ከተማ ሆና ነበር፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ክንፍ ያለው አውሮፕላን መስሎ የተሠራው የፊያት ታልዬሮ ማደያ ዛሬም ቆሟል። ብዙዎቹ ቃላት በትግርኛ ተናጋሪ ሜካኒክና ሾፌር አፍ ተሽተው ወደ ደቡብ ወርደዋል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ይህ ደግሞ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ቃሉ ከጌታ ወደ ተማሪ ሳይሆን ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ ተላለፈ ማለት ነውና። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላም እንግሊዞች ኢጣሊያኖቹን ከአገር ሊያስወጡ ሲጥሩ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ባለሙያዎቹን ለማስቀረት ይፈልግ ነበር፤ የቀሩትም ጋራዥ ከፍተው አብረው ሠርተዋል። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎትም ብዙም ሳይቆይ ኢጣሊያኖች ጥለዋቸው በሄዱ ተሽከርካሪዎች ሥራ ጀመረ። ጥለዋቸው በሄዱ የሚለው ሐረግ ሊጤን ይገባዋል፤ መለዋወጫ የሚልክ ፋብሪካ በጦርነት በተያዘበት ጊዜ እነዚያን መኪኖች ያስኬደ ሰው ጓርኒሲዮኑን ከየት አመጣው? መዶሻው ጠቅ ጠቅ ያለው ያኔ ነው።

ሙያው የጎለመሰው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው ፊያት 682፣ በተለይም «ኤን ትሬ» የተባለው፣ ተሳቢውን አስከትሎ ከአሰብ ወደብ በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋ ሲመላለስ ኖረ፤ የፊያት ወገን የሆነው አምቼም በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ተቋቋመ። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ረዳት ጎማ የሚቀይር፣ ዘይት የሚለካ፣ ሌሊት ከመኪናው ሥር የሚተኛ ሰው ነው፤ ዓመታት ቆይቶ ሾፌር ወይም ሜካኒክ ይሆናል። በረሃ ላይ የሚማረው ነገር በከተማ ጋራዥ አይገኝም። ለምሳሌ ኮፓውን ሦስት ጊዜ አሽገህ ሦስቴም ካፈሰሰ ጥፋቱ ኮፓው ላይ አይደለም። የናፍታ ሞተር አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያምቀዋል፤ ፋሻው ሲያልቅ የታመቀው ጋዝ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ኮፓው ይወርዳል። የሞተሩ መተንፈሻ ከተዘጋ ደግሞ መውጫ ያጣል፤ ዘይቱን በየስንጥቁ ገፍቶ ያወጣዋል። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው መሳብ ይህን ጋዝ ያቃልልለታል፤ የድሮ ናፍታ ሞተር ግን ያ መሳብ የለውም። መተንፈሻውን ጠርጎ ፍሳሹን ያቆመ ረዳት ያለ መጽሐፍ ስለ ግፊት አንድ ምዕራፍ ያነበበ ያህል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከራሱ ከሙያው ውስጥ ይመጣል፤ በትምህርት ቤት ከወጡ መሐንዲሶች። ይህ ሁሉ «ማስታመም» ነው፣ ጥገና አይደለም፤ መለኪያ ቁልፍ የሌለው፣ በግምት የሚያጠብቅ፣ ሲሊኮን እንደ ሊጥ የሚለጥፍ ሙያ ሊመሰገን አይገባም ይላሉ። ስለ ሲሊኮኑ ልክ ናቸው። በብዛት የተቀባ ሲሊኮን ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ይተርፋል፤ የተረፈው ተቆርጦ ዘይት ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ የፓምፑን ማጥለያ ይደፍናል፤ ኮፓ ያዳነውን ሰው ኮሎና የሚዞርበትን ብሮንዚና ያስቀይረዋል። ነገር ግን ይህ ጥፋት የቆየው ሙያ ሳይሆን የአዲሱ ዕቃ መሆኑ ልብ ይባል። ወረቀት የሚቆርጠው ሰው ከንፈሩን ማቅናት ግድ ነበረበት፤ ወረቀት ጠማማ ብረት አይምርምና። ሲሊኮን ግን ጠማማውን ይሸፍናል፤ ሥራውን ዝለል የሚል ፈተና ይዞ መጣ። የአውሮፓና የጃፓን ፋብሪካዎችም ዛሬ ብዙ ሞተሮችን ያለ ጓርኒሲዮን፣ በሲሊኮን ብቻ አሽገው ያወጣሉ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከዕቃውም ሳይሆን ከመጠኑ ነው፤ መጠን ደግሞ አሁንም የእጅ ዕውቀት ነው። ስለ «ማስታመም» ግን አልስማማም። የውጭ ምንዛሪ ባልነበረበት፣ አንድ ጓርኒሲዮን ወራት በሚያስጠብቅበት ዘመን፣ ደንቡን ጠብቆ መቆም ማለት እህልና መድኃኒት በመንገድ ላይ መቆሙ ነበር። ጥገናን በፋብሪካ ደንብ ብቻ የሚለካ ሰው ደንቡ የተጻፈው መለዋወጫ በማግሥቱ ለሚደርስበት አገር መሆኑን ይዘነጋል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ፊያቶቹም ቀስ በቀስ ለአይሱዙና ለቻይና መኪኖች ቦታ ለቀቁ። አዲሶቹ ዕቃዎች በእንግሊዝኛ ስም ይመጣሉ፤ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ መደብሮች የሁለቱም ዘመን ቃላት ይሰማሉ። ከመኪኖቹ ስም ግን የሚገርመኝ አንዱ ነው። ድሮ የሕዝብ ማመላለሻው «ሎንቺና» ይባል ነበር፤ ኦኤም ከተባለው የኢጣሊያ ፋብሪካ ከወጣው ሊዮንቺኖ ጋር ያለው ዝምድና ለጆሮ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ከነስሙ ገባ። በኋላ አይሱዙ የጭነት መኪና እዚሁ አገር ላሜራ ተመትቶለት አውቶቡስ ሲሆን ስም ፍለጋ ወደ ውጭ የሄደ የለም። አዲሱን መኪና አገሬው «ቅጥቅጥ» አለው፤ ቀጥቃጩ ሲሰደብበት በኖረው ግስ።